ምዕራፍ 7፦ ክብደቱ የወደቀበት እግር

በጥቅምት አብርሃ ጅራ ዙሪያ ያለው የሰሊጥ ማሳ በሰው ይሞላል። ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከወሎ የወረደው የቀን ሠራተኛ ከአብደራፊ እስከ መተማ ባለው ቆላ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም። የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ፍሬውን ያዘለው ቅርፊት ሳይሰነጠቅ ካልታጨደ ምርቱ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አገሩ ሁሉ በአንድ ሰሞን ያጎነብሳል፤ ያጭዳል፣ ያስራል፣ ይሸከማል፣ ይከምራል።

ሰው መሣል ለሚማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ባለፉት ምዕራፎች የሣልነው ሁሉ የሚጠብቀን ነበር። ጀበናው ከረከቦቱ አልተነሳም፤ ወንበሩ የትም አልሄደም፤ ዛፉን ነፋስ ቢያወዛውዘውም ሥሩ እዚያው ነው። አጫጁ ግን ማንንም አይጠብቅም። ዓይናችን እጁ ላይ ሲደርስ ጀርባው ተቀይሯል፤ ጀርባው ላይ ስንደርስ ሰውየው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥና ፎቶ አንስቶ ከስልክ ላይ መገልበጥ ይጀምራል። ለዚህ ችግር ሠዓልያን ያበጁለት ልምምድ አለ።

የእንቅስቃሴ ንድፍ ይባላል፤ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ባጭሩ «ጀስቸር» ይሉታል። የሰውን አካል ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በጥቂት መሥመር መያዝ ነው። የሚያዘው አካሉ እያደረገው ያለው ነገር ነው፦ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ምን እንደሚገፋ፣ ምን እንደሚጎትተው፣ በየትኛው እግሩ እንደቆመ። ጣት፣ አፍንጫ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ለሌላ ጊዜ ይቆያሉ። ልምምዱ ዛሬ የያዘውን መልክ በመስጠት በብዙ አገር ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው መምህር ኪሞን ኒኮላይደስ ነው። በኒውዮርኩ «አርት ስቱደንትስ ሊግ» ለረጅም ጊዜ አስተማረ፤ መጽሐፉ የታተመው ግን ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ነበር። ተማሪዎቹን ሁለት ተቃራኒ ነገር ጎን ለጎን ያሠራቸዋል። በአንደኛው የአካሉን ጠርዝ እንደሚዳስሱት ያህል እጅግ ቀስ ብለው ይከተላሉ። በሌላኛው ጠርዙን ጭራሽ ትተው የእንቅስቃሴውን ጉልበት በጥድፊያ ያወርዳሉ። ሁለቱን ማለማመዱ ትክክል ነበር እላለሁ፤ አንዱ ያለ ሌላው ዓይንን ያሰንፋል።

ለእኛ ይህ ጥንድ ልዩ ትርጉም አለው፤ ያደግንበት ሥዕል በጠርዝ የቆመ ነውና። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ከጣሪያው የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች አይረሳም። በጥቁር መሥመር የታጠረ ፊት፣ የተከፈቱ ትላልቅ ዓይኖች፣ በመሥመሩ ውስጥ የተሞላ ቀለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሙያውን የሚወርሰው ከመምህሩ ሥራ እየገለበጠ ነው። ቅዱሱ ፊቱን ወደ ምእመኑ ያዞራል፤ ክፉው በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይታያል። ሥዕሉ የሚጸለይበት ስለሆነ ፊትና ዓይን መቅደማቸው ተገቢ ነው፤ ለዘመናት የጸና ጥበብ ነው፣ አከብረዋለሁም። ነገር ግን ይህን እያየ ያደገ እጅ እርሳስ ሲይዝ በቀጥታ ከፊት ይጀምራል። ጭንቅላት ይሠራል፣ ዓይን ይከፍታል፣ አንገት ይቀጥላል፣ ከዚያ በተረፈው ወረቀት ላይ አካሉን ያጨናንቃል። እግር ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ያልቃል። የቀን ሠራተኛው ሥራ ያለው ደግሞ እግሩና ወገቡ ላይ ነው።

አለ ፈለገሰላም ኅሩይ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የወጣ ሰው ነበር። ቺካጎ ሄዶ ተምሮ ተመለሰና በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈተ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በእርሱ ስም የሚጠራው ነው። ሕያው ሰው አስቀምጦ መሣል በአገራችን መደበኛ ትምህርት የሆነው በዚያ በኩል ነው። በኋላም በደርግ ዘመን ብዙ ወጣት ሠዓልያን ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄደው ጥብቅ የአካል ንድፍ ትምህርት ይዘው ተመለሱ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሞዴሉ መሐል ላይ ይቆማል፣ መምህሩ ሰዓት ይይዛል፣ ደቂቃው ሲሞላ ሞዴሉ አቋሙን ይቀይራል።

አብርሃ ጅራ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ግን አያስፈልግም የምልበት ምክንያት አለኝ፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገርም እርሱ ነው፦ ሥራ ይደጋገማል።

አንድ አጫጅ መርጣችሁ ሳትሥሉ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። እግሮቹን ከፈት አድርጎ ያጎነብሳል። ግራ እጁ ወደፊት ሄዶ የሰሊጡን አገዳ በጭብጥ ይይዛል፤ ቀኝ እጁ ማጭዱን ከኋላ አዙሮ ወደ ራሱ ይስባል። አገዳው ሲቆረጥ አካሉ ጥቂት ወደኋላ ይመለሳል። ግራ እጁ የያዘውን ወደ ጎን ያኖራል፤ እግሩ ግማሽ እርምጃ ይቀድማል፤ ግራ እጁ እንደገና ወደፊት ይሄዳል። ከስንት ዙር በኋላ ቀና ይልና መዳፉን ወገቡ ላይ ያሳርፋል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ፀሐይዋን ያያል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ለሚያየው የማይጨበጥ የመሰለው እንቅስቃሴ አራት ወይም አምስት አቋም ብቻ ነው፤ እነርሱም ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ ይመጣሉ።

እንግዲህ አንዱን አቋም ምረጡ፤ ለምሳሌ ማጭዱ ወደ ራሱ የሚሳብበትን። ሲመጣ ከጅራት አጥንቱ እስከ አናቱ ያለውን አንድ መሥመር ብቻ ጣሉ። ሲያልፍ እጃችሁን አንሡና ጠብቁ። ተመልሶ ሲመጣ የትከሻውን ዘንበልታ ጨምሩ። እንደገና ሲመጣ ዳሌውን፣ ቀጥሎ ክብደቱን የተሸከመውን እግር። በመካከሉ ሌላ አቋም ዓይናችሁን ከሳበው በዚያው ወረቀት ጥግ ላይ ሌላ መሥመር ጀምሩለት። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት አራት ያልተጨረሰ ሰው ጎን ለጎን ያድጋል፤ እያንዳንዱ ተራውን ይጠብቃል። ሞዴል ቆሞ በሚጠብቅበት ክፍል የማይገኝ ትምህርት ይህ ነው። ክፍል ውስጥ የቆመው ሰው እየሠራ ያለ ይመስላል እንጂ አይሠራም፤ ጡንቻው የሚገፋው ነገር የለም። ማሳው ላይ ያለው አካል ግን እውነተኛ ተቃውሞ አለበት፤ አገዳው ይጎትተዋል፣ ማጭዱ ይይዛል።

አካልን በአንድ መሥመር መጀመር የጀማሪ ዘዴ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ግን አይደለም። የዋልት ዲዝኒ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1932 ዶን ግራም የሚባል የሥዕል መምህር አምጥቶ ለሠራተኞቹ የምሽት ትምህርት ማስጀመሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሥዕሉ በሲኒማ ሸራ ላይ እንዲራመድ ከተፈለገ ሠዓሊው የእንቅስቃሴን ደረጃዎች ለይቶ ማወቅ ነበረበት። ቀራፂው ሮዳን ደግሞ በስተርጅናው ሞዴሎቹን በሥራ ክፍሉ ውስጥ እንደልባቸው እንዲንቀሳቀሱ እየተዋቸው፣ ዓይኑን ከእነርሱ ሳይነቅልና ወረቀቱን ሳያይ ይሥል ነበር። ይህን ሞክሩት። ውጤቱ የተበታተነ ይሆናል፤ እጅና ዓይን ግን ያኔ ነው በእውነት የሚተዋወቁት።

ስለ ክብደት ደግሞ ጠለቅ ብለን እንነጋገር፤ የሰው ንድፍ የሚቆመውም የሚወድቀውም እርሱ ላይ ነው። አንድ ሰው በአንድ እግሩ አርፎ ሲቆም ክብደት በተሸከመው እግር በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፤ በዚያው በኩል ትከሻው ዝቅ ይላል። ሁለቱ ዘንበልታዎች ይቃረናሉ፤ አከርካሪው በመካከላቸው ይታጠፋል። ከአንገት ሥር ካለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚወርድ ክር ብታስቡ፣ ክሩ የሚያርፈው በዚያ በተሸከመው እግር አካባቢ ነው። የግሪክ ቀራፂዎች ይህን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ደርሰውበት ነበር። ከብት የሚጠብቅ የአርማጭሆ ልጅ በትሩን ተደግፎ በአንድ እግሩ ሲቆም ያያችሁት ያንኑ ነው፤ በትሩ ግን ሦስተኛ እግር ሆኗልና ክሩ በእግሩና በበትሩ መካከል ይወርዳል። ዱላውን ከትከሻው ጀርባ አጋድሞ ሁለት እጁን የጣለበት ሰው ደግሞ የትከሻ መሥመሩን ራሱ ይዞላችሁ ይሄዳል፤ እርሱን መሣል ለጀማሪ ደስ ይላል።

ውኃ የምትቀዳ ሴት በአንድ እጇ ጀሪካን ይዛ ስትሄድ ተመልከቱ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። አካሏ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል፤ ባዶው እጇ ከጎኗ ርቆ ይዘረጋል፤ የጀሪካኑ በኩል ትከሻ ተጎትቶ ይወርዳል። ጀሪካኑን ባትሥሉት እንኳ፣ ዘንበልታው ልክ ከሆነ የሚያይ ሰው «ከባድ ነገር ይዛለች» ይላል። ንድፋችሁን የምትፈትኑት በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጫኝና አውራጅ ነው። አንድ ኩንታል ሰሊጥ 100 ኪሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተሸካሚው ይበልጣል። ጆንያው ማጅራቱና ትከሻው ላይ ሲጫን አንገቱ ወደፊት ይሾልካል፤ ዓይኑ ከእግሩ ፊት ጥቂት እርምጃ መሬቱ ላይ ይተከላል። ወገቡ ላይ ወደፊት ይታጠፋል፤ ካልታጠፈ ጆንያው ወደኋላ ይጥለዋል። ጉልበቱ ፈጽሞ አይዘረጋም። እርምጃው አጭርና ፈጣን ነው፤ በአንድ እግር ብዙ መቆየት አይችልምና። መኪናው ላይ ለመውጣት በተጋደመችው ሳንቃ ላይ ሲረግጥ ሳንቃዋ ትረግባለች። ጀማሪ ይህን ሰው ሲሥል ቀጥ ያለ ሰው ሠርቶ ጆንያ ይጭንበታል፤ ጆንያው ባዶ ይመስላል። ጆንያውንና ሰውየውን እንደ አንድ አካል ይዛችሁ ከጆንያው አናት ጀምራችሁ እስከ ተረከዙ አንድ መሥመር አውርዱ። መጀመሪያ ክብደቱ፣ ቀጥሎ ክብደቱ የወደቀበት እግር፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱ።

መሣሪያ ብዙ አይጠይቅም። እኔ የምመክረው እስክሪብቶና ተራ ደብተር ነው፤ እስክሪብቶ አይጠፋምና የተሳሳተውን መሥመር እንዳለ ትቶ ሌላ መጣል ያስለምዳል። ላጲስ ከዚህ ልምምድ መራቅ አለበት። ቆላው ደግሞ ለከሰል ምቹ ነው። የምድጃው ከሰል ስለሚጠጥርና ስለሚፈረካከስ አይሆንም፤ የሚሣልበትን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። እንደ ጣት የቀጠኑ ቀጥ ያሉ ጭራሮዎች ልጣችሁ፣ ክዳን ባለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አጥብቃችሁ ደርድሩ፤ ክዳኑን በምስማር አንዲት ቀዳዳ ብሱትና እሳት ውስጥ አስቀምጡት። በቀዳዳዋ ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲያበቃ አውጡት፤ ግን በደንብ ሳይበርድ አትክፈቱት፤ ትኩሱ ከሰል አየር ካገኘ ይያያዛል። ሲበርድ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ በጎኑ ሲጋደም የጀርባን ስፋት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ከሰል ይዛችኋል። ችግሩ ላብ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር መዳፍ ወረቀት ላይ አይቀመጥም። እጃችሁን አንሥታችሁ ከትከሻ ሣሉ። ያም ቢሆን ይጠቅማል፤ ከአንጓ የሚወጣ መሥመር ያጥራል፣ ከትከሻ የሚወጣው አካልን ከላይ እስከ ታች ይሻገራል።

ምርጡ ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ነው፤ ጥላው ረጅም፣ ሠራተኛው ትኩስ፣ ሙቀቱ የሚቻል። በየዕለቱ ከዚያ ላይ 20 ደቂቃ ወስዳችሁ ተቀመጡ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ሙሉ ሥሎ ሳምንቱን መተው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ማስታወስ ባሳተመው ጥናት፣ በቀናት ተከፋፍሎ የተያዘ ትምህርት በአንድ ቁጭታ ከታጨቀው ይልቅ እንደሚጸና አሳይቷል። ከዚህ ቀደም ዜማ ወይም ዳዊት ያጠና ሰው ይህን ከጀርመን መስማት አያስፈልገውም። ለሠዓሊ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፦ በየቀኑ የሚሥል ሰው በማይሥልበት ሰዓትም ያያል። ሻይ ቤት ተቀምጦ የአሳላፊዋን የዳሌ ዘንበልታ ይለያል፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ ከፊቱ ያለው ሰው ክብደቱን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዛውር ያስተውላል።

መጀመሪያ አካባቢ የምትሠሩት ሁሉ የተዝረከረከ ይሆናል፤ ይሁን። ከዚያ መሥመሩ መጽዳት ይጀምርና ደስ ይላችኋል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን አደገኛው ጊዜ ነው። እጅ አንድ ያማረ ኩርባ ይለምድና አጫጁንም፣ ተሸካሚውንም፣ እስክስታ የሚመታውንም በዚያው ኩርባ ይሥላቸዋል። ንድፉ ቆንጆ ነው፤ ሰውየው ግን የለበትም። ከዚህ የሚያወጣው መድኃኒት ጀርባን ከመሥመር በፊት መጠየቅ ነው፦ ይህ ሰው ደክሟል? የሚገፋ ነው የሚሳብ? ወደየት ሊወድቅ ነው? መልሱ ከትናንቱ ከተለየ መሥመሩም ይለያል።

ስለ አገሩ ሁኔታ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አብርሃ ጅራም መተማም የድንበር አገር ናቸው። ወረቀት ይዞ ሰው ሰው የሚያይ እንግዳ በቶሎ ይጠረጠራል፤ ስም የሚመዘግብ፣ ዕዳ የሚቆጥር ወይም ወሬ የሚያቀብል ይመስላል። ስለዚህ ኬላና የታጠቀ ሰው አትሣሉ። ማሳ ስትገቡ ባለማሳውን ወይም የሠራተኞቹን አለቃ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ከሠራተኞቹ አንዱ «ምን እየጻፍክ ነው?» ሲል ደብተሩን መዝጋት ጥርጣሬውን ያባብሰዋል፤ «ወንድሜ፣ ስታጭድ እየሣልኩህ ነው፣ እየው» ብሎ መስጠት ይሻላል። ታላቅ ከሆኑ «አባቴ፣ ይዩት» ነው። ብዙዎቹ ፊታቸውን ፈልገው ያጡታል፤ ጀርባቸውን ግን ጓደኞቻቸው ወዲያው ያውቁታል፤ የማን እንደሆነ በጎንበስታው ይለዩታል። ከመምህር ምልክት በላይ የሚያስተምር አስተያየት ነው ይሄ። አልሣልም ያለ ሰው ደግሞ አይሣልም፤ በሰው ድካም ላይ የቆመ ትምህርት ቢያንስ ፈቃዱን መጠየቅ አለበት።

ልምምዱ የት እንደሚያደርስ ማየት የፈለገ የታደሰ መስፍንን ሥራዎች ይመልከት። ወልድያ ተወልዶ፣ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤትና በሌኒንግራድ ተምሮ፣ ከዚያም ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ሠዓሊ ነው። በገበያ ላይ ቆመው የሚሸጡ ሴቶችን ደጋግሞ ሥሏል። ሴቶቹ አይሮጡም፣ አይሸከሙም፤ ይቆማሉ ብቻ። ሆኖም አንዷ በአንድ ዳሌዋ፣ ሌላዋ በሁለቱም እግሯ፣ ሌላዋ እጇን አጣምራ እንደቆመች ከልብሷ ሥር ይታወቃል፤ ዝርዝሩ ጥቂት ሆኖ ክብደቱ ሙሉ ነው። ዝም ብሎ የቆመን ሰው እንዲህ መሣል ሲንቀሳቀስ ከመሣል ይከብዳል ብዬ አምናለሁ፤ የሚረዳ ምልክት የለውምና። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ በጥድፊያ በተሠራ ብዙ ወረቀት ያልፋል።

አጨዳው ሲያልቅ ነዶው ቆሞ የሚደርቅበት ሂላ ማሳውን ይሞላል። ከዚያ በሸራ ላይ እየተገለበጠ ይራገፋል፤ ይህም ሁለት እጅ ከፍ ብሎ የሚወርድበት፣ ሌላ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ነው። ማሽላውም ይከተላል። ከዚያ ሠራተኛው ወደየአገሩ ይመለሳልና ማሳው ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ጫካ መውጣት ነው፤ የዕጣን ሥራ በበጋው ሁሉ እስከ ዝናቡ ይቀጥላል። ዕጣን አድሚው መንጋፉን፣ ማለትም የልጥ መላጫ መሣሪያውን፣ ይዞ ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል። ልጡን የሚልጠው ከጉልበት ከፍታ ጀምሮ ወደ ላይ በተራራቁ ቦታዎች ነው፤ ለታችኛው ቁጢጥ ይላል፣ ለመካከለኛው ከወገቡ ጎንበስ ይላል፣ ለላይኛው በእግር ጣቱ ቆሞ ክንዱን ይዘረጋል። በአንድ ዛፍ ሥር ሦስቱንም አቋም ካልያዛችሁ አትጨነቁ፤ ቆይቶ ቁስሉን ሊያድስ ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል። ቀኑን ጠይቁትና ደብተራችሁን ይዛችሁ ከእርሱ ቀድማችሁ ድረሱ።